ስሕተትን መናገር የተለማማጅ ክብር ነው

መሳሳት ለተማሪ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ስሕተትን መሸሸግ ነው ቢባል በቃል የማይስማማ ሰው አይገኝም። በተግባር ሲፈተን ግን ብዙው ሰው ወደ ኋላ ይላል። ይህ ፈተና ከሚበረታባቸው ሥፍራዎች አንዱ በለንደንና በኒውዮርክ ታላላቅ የኢንቨስትመንት ባንኮች ውስጥ የሚገኘው የግብይት ጠረጴዛ ነው። ስለዚህም አስተያየቴን በዚያ በሚሠራ ተለማማጅ ተማሪ ምሳሌነት ላቀርብላችሁ እወዳለሁ።

የግብይት ጠረጴዛ «ጠረጴዛ» ይባል እንጂ አንድ የቤት ዕቃ አይደለም። በሰፊ አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዓይነት ነገር የሚገዙና የሚሸጡ ሠራተኞች ክፍል ነው። አንዱ ክፍል አክሲዮን፣ ሌላው የመንግሥት ቦንድ፣ ሦስተኛው የውጭ ምንዛሪ ይነግዳል። ነጋዴው ለደንበኛው ሁለት ዋጋ ይነግረዋል፤ አንደኛው የሚገዛበት፣ ሁለተኛው ጥቂት ከፍ ብሎ የሚሸጥበት ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው ልዩነት ትርፉ ናት። ይሁን እንጂ ዋጋ በየቅጽበቱ ስለሚለዋወጥ፣ «ግዛ» ሲባል የሸጠ ሰው እንኳን ትርፉን ዋናውንም ሊያጣ ይችላል።

ተለማማጁ ተማሪ ወደዚህ ሥፍራ የሚመጣው ዩኒቨርሲቲ በሚዘጋባቸው ወራት ለ10 ሳምንት ያህል ነው። ገበያው ከመከፈቱ አስቀድሞ በማለዳ ይገኛል። በባንኩ ገንዘብ መግዛትና መሸጥ አይፈቀድለትም፤ ከነጋዴው አጠገብ ተቀምጦ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ሠንጠረዥ ያዘጋጃል። ለክፍሉ ሠራተኞች ቡናና ምሳ የሚያመጣበትም ጊዜ አለ። ይህን የሚንቁ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ሌላ ነገር አይበታለሁ። የስምንት ሰዎችን ትእዛዝ ጽፎ፣ ከመሄዱ በፊት መልሶ ያነበበላቸው ተማሪ የነጋዴውን ዋና ልማድ ጀምሯል። ነጋዴም ውል ከመዝጋቱ በፊት የዕቃውን ዓይነት፣ ብዛትና ዋጋ ደግሞ ይናገራልና። ስኳር የሌለበትን ቡና ስኳር ጨምሮ ያመጣ እንደሆነ ደግሞ፣ «ሻጩ ነው ያጠፋው» ከማለት ይልቅ «እኔ ተሳስቻለሁ» ማለትን ይለማመድበታል።

ይህን ልማድ ማጣት ምን እንደሚያስከትል የቤሪንግስ ባንክ ታሪክ ያስረዳናል። ይህ የእንግሊዝ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1762 የተቋቋመ ነበር። በሲንጋፖር ይሠራለት የነበረው ኒክ ሊሰን በኋላ እንደ ተረከው፣ በ1992 አንዲት አዲስ ሠራተኛ 20 ውሎችን መግዛት ሲገባት በስሕተት ሸጠች። ኪሣራው 20,000 ፓውንድ ያህል ነበር። ሊሰን ግን ለአለቆቹ በመናገር ፈንታ፣ ቍጥሩ 88888 በሆነ የሒሳብ መዝገብ ውስጥ ሸሸገው። ከዚያም የራሱን ኪሣራ በዚያው ላይ ይከምር ጀመር። የሚነግደውም ሒሳቡን የሚቈጣጠረውም እርሱ ስለ ነበረ የሚያርመው አልተገኘም። በ1995 ነገሩ ሲገለጥ ኪሣራው 827 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሶ ነበር። ባንኩ ወደቀና ለአንድ የሆላንድ ድርጅት በ1 ፓውንድ ተሸጠ፤ ሊሰንም የስድስት ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ማለት ይህ ነው።

«ተለማማጁ ስሕተቱን ቢናገር በመጨረሻ የሚፈልገውን ቋሚ ሥራ አያጣምን?» ትሉኝ ይሆናል። ሊያጣ ይችላል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በመጀመሪያዋ ደቂቃ የተነገረ ስሕተት መጠኑ ይታወቃል፤ የተሸሸገው ግን ከገበያው ዋጋ ጋር ሊያድግ ይችላል። አስተዋይ አለቃም፣ መዝገቡን ለማያምነው ሰው ገንዘብ አይሰጥም። ደግሞም ጥፋቱን ሁሉ በተለማማጁ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። «ተሳስቻለሁ» ያለውን ወጣት በሰው ፊት የሚያዋርድ አለቃ፣ የሚያስተምረው ጥንቃቄን ሳይሆን መሸሸግን ነው።

በአገራችንም የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን ስለ ጀመረ፣ ከእናንተ መካከል አንድ ቀን በዚህ ሙያ የሚሰማራ ሊኖር ይችላል። ልምምዱን ለመጀመር ግን እስከዚያ መቈየት አያስፈልግም። የክፍላችሁን መዋጮ ስትሰበስቡ ዐሥር ብር ብትጐድልባችሁ፣ ዛሬውኑ ተናገሩ። ጓደኛችሁም እንዲህ ብሎ ሲናገር አትሳቁበት። ያን ጊዜ እርሱ እውነትን መናገር፣ እናንተም እውነትን መስማት ትለምዳላችሁ።