አዲስ ከመካባችሁ በፊት የአምናውን ጠግኑ

ይድረስ፦ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የተፋሰስ ልማት ሥራን ለምትመሩና ለምታስተባብሩ ሁሉ

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ዘንድሮ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ዘመቻው ሲከፈት ከንፋስ መውጫ ከተማ ብዙም በማይርቅ ተዳፋት ላይ ያየሁት ነገር ነው። ሕዝቡ ዶማና አካፋውን ይዞ በማለዳ ወጥቷል። ቀያሾቹ ገመዳቸውን ዘርግተው አዲስ መስመር አወጡ። ለአዲሱ መስመር የሚሆነው ድንጋይ የተገኘው ግን ካለፉት ዓመታት ካብ ላይ ነው። ያው ሕዝብ በገዛ እጁ የካበውን እየናደ ከበታቹ ሌላ ካበ። አንድ አዛውንት «ይኼ እኮ የቆመ ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው ጎርፍ የጣሰው። እሱን ብንደፍነው አይበቃም ወይ?» ብለው ጠየቁ። «አባባ፣ ጥገና ዕቅዱ ውስጥ አልተያዘም፤ ከእኛ የሚጠበቀው አዲስ ኪሎ ሜትር ነው» ተባሉ። አዛውንቱ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ዶማቸውን አነሱ።

ሥራችሁን ለማጣጣል አልተነሣሁም። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ ጥርና የካቲት ሕዝቡን ያለ ክፍያ ለአፈርና ውሃ ጥበቃ ማስወጣት ቀላል ነገር አይደለም። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ተከልለው ሣር ያበቀሉ፣ ምንጫቸው የተመለሰ ቦታዎች አሉ፤ አይቻቸዋለሁ። በጠራራ ፀሐይ ከገበሬው ጋር አብረው የሚውሉ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችንም አውቃለሁ። ለዚህ ምስጋና ይገባችኋል።

ነገር ግን የምትቆጥሩት የተሠራውን እንጂ የቆመውን አይደለም። ቅሬታዬ ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

እርከን ምን እንደሆነ ለእናንተ አላስተምርም። ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ካብ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በመጀመሪያው ክረምት ከኋላው ደለል ይይዛል፤ ያ ደለል ነው የምንፈልገው አፈር። ደለሉ እስከ አፉ ሲሞላ ካቡ በአንድ ስንዝርም ቢሆን ከፍ ካልተደረገ የሚቀጥለው ጎርፍ በላዩ ዘሎ ይሄዳል። ይባስ ብሎ አንድ ቦታ ከተጣሰ ከመስመሩ ሁሉ የተጠራቀመው ውሃ በዚያች ቀዳዳ ይወርዳል። ቀድሞ ማሳው ላይ ተበትኖ ይፈስ የነበረው ጎርፍ በአንድ ቦይ ተሰብስቦ ይመጣና ከታች ያለውን እርሻ ይሰነጥቀዋል። ያልተጠገነ እርከን ጨርሶ ካልተሠራው የሚከፋው ለዚህ ነው። በአንድ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ይደፈን የነበረ ቀዳዳ በሁለት ክረምት ውስጥ በሬ የማያሻግር ቦረቦር ይሆናል። ከዚያ ደግሞ ለቦረቦሩ ክትር ይታቀድለታል፤ ክትሩም በሪፖርት ላይ አዲስ ሥራ ሆኖ ይቆጠራል።

ገበሬው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ለምን ራሱ አይጠግነውም ትሉ ይሆናል። ካቡ አይጥ ያራባበታል፤ ከጠባብ ማሳው ላይ ቦታ ይወስድበታል፤ በሬ ሲያዞር ያስቸግረዋል። ይህን ሁሉ ችሎ የሚይዘው የራሴ ነው ብሎ ሲያምን ነው። መስመሩ ሲቀየስ ማንም ካልጠየቀው፣ በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ያንኑ ካብ አፍርሰህ ሌላ ሥራ ከተባለ፣ ካቡ የመንግሥት ነው ብሎ ቢተወው በምን ይፈረድበታል?

ይህን መንገድ አንድ ጊዜ ሄደንበታል። ከ1977ቱ ድርቅ በፊትና በኋላ በደርግ ዘመን አባቶቻችን በቀን 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት እየተሰፈረላቸው ስንቱን ተራራ ከትረዋል፤ ስንቱን ጋራ ችግኝ አልብሰዋል። ሥርዓቱ ሲወድቅ ክልሉ ተጣሰ፣ ደኑ ተመነጠረ፣ እርከኑ ታረሰ። ሕዝቡ ለዛፍ ጥላቻ ኖሮት አልነበረም። የት ይከለል፣ ማን ይጠብቀው፣ ሣሩንስ ማን ይጨደው የሚለው ከላይ ተወስኖ ስለወረደ ነው። በ1997 ዓ.ም. ግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር ያወጣው የተፋሰስ ልማት መመሪያ ከዚያ ስሕተት ተምሮ የተጻፈ ነበር። ዕቅዱ ከማኅበረሰቡ ይነሣ፣ ተፋሰሱ ከላይ ወደ ታች ይሠራ፣ ሥራውን ሕዝቡ ራሱ በመረጠው ኮሚቴ ይምራ ይላል። መመሪያው ዛሬም በየቢሮው መደርደሪያ ላይ አለ። ዕቅዱ ግን አሁንም በኮታ ይወርዳል፤ ኮታው ደግሞ የሚቆረጠው በቀበሌ ወሰን ነው። ጎርፍ የቀበሌ ወሰን አያውቅም። የላይኛው ቀበሌ ዘንድሮ ተራው አይደለም ተብሎ ሲታለፍ የታችኛው ሕዝብ የካበውን ክረምቱ ጠራርጎ ይወስደዋል።

የመሬት አጠቃቀሙም ከዚሁ አይለይም። የ1997ቱ የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይገባበት ከልክሎ ነበር። እናንተ ግን በቼቼሆ ገደል አፍና በበሽሎ ተረተር ላይ የሚታረሰውን እያያችሁ ታልፋላችሁ። አራሹን ማባረር መፍትሔ ነው አላልኩም፤ የት ይሂድ? ግን ተቀምጦ «ይህን ብትተወው በምትኩ ምን ታገኛለህ፤ ሣሩ የማን ይሆናል?» ብሎ የጠየቀው አለ? በየቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ተብሎ የተመረጡ ሰዎች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠሩት ግን ወሰን ሲያጣላ ብቻ ነው።

ችግኙስ? በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል እኔም ደስ ካላቸው አንዱ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ እንተክላለን። በአካባቢያችን ግን አምና በተተከለበት ጉድጓድ ዘንድሮም ሲተከል አያለሁ፤ ፖሊቲኑ ሳይወልቅ የተቀበረ ችግኝም በእጄ ነቅዬ አይቻለሁ፤ ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ እንደተጠቀለለ ደርቋል። ያ ጉድጓድ በአምናውም በዘንድሮውም ሪፖርት አንድ አንድ ተብሎ ተቆጥሯል። በጥቅምት ተመልሶ የጸደቀውን የሚቆጥር፣ በመጋቢት ውሃ የሚያጠጣ፣ ከብት የሚከላከል ሰው ግን አልተመደበም። አጨብጭበን የተከልነውን በዝምታ እናደርቀዋለን።

ይህ የእናንተ ብቻ ጥፋት ነው ብዬ አልደመድምም። ዘርፉ በሙሉ የተያዘው በዚሁ በሽታ ነው። ፕሮጀክት ይመጣል፤ በመንገዱ ዳር ታፔላ ይተክላል፤ ሦስት ዓመቱ ሲሞላ ይሄዳል፤ ታፔላው ከካቡ ይልቅ ዕድሜ አለው። ተመራማሪዎች መጠይቅ ይዘው መጥተው ገበሬውን ከሥራው ያስተጓጉሉታል፤ ያገኙትን ውጤት ተመልሰው የነገሩት ግን አላየሁም። ከላይ ያለው አለቃም የሚጠይቃችሁ «ስንት ሠራችሁ?» ብሎ እንጂ «ስንቱ ቆመ?» ብሎ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ሕዝቡን ፊት ለፊት የምታዩት እናንተ ናችሁ። ጉልበቱንም የሚሰጠው እናንተን አምኖ ነው።

ሌላ መንገድ ግን አለ። በመንዝ የጓሳን ሣር ሕዝቡ ለዘመናት የጠበቀው በቄሮ ሥርዓት ነበር። ዘመቻ አልነበረውም። የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ የሚወስኑ፣ የጣሰውን የሚቀጡ፣ ሕዝቡ ራሱ የሾማቸው ኃላፊዎች ነበሩት፤ ዓመቱን ሙሉ ዓይናቸው ሣሩ ላይ ነበር። የእኛ ጉናም ያን ያህል ጠባቂ ይገባዋል። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ርብና ጉማራ የሚነሡበት ተራራ ነው። ጅብራውና አስታው ወደ ላይ በሸሸ ቁጥር የድንችና የገብስ ማሳው ይከተለዋል፤ ከዚያ የሚታጠበው አፈር በርብና በጉማራ ወርዶ ጣና ይገባል። ጉናን በአጭር ጊዜ ዘመቻ መጠበቅ አይቻልም።

ጦርነትና የኑሮ ውድነት ያደከመው ሕዝብ ዛሬም ዶማውን ይዞ ይወጣል። ያንን ጉልበት የገዛ ሥራውን ለማፍረስ ስታውሉት ቀጥሎ ስትጠሩት የሚመጣ አይምሰላችሁ። ከዘንድሮ ጀምራችሁ አዲስ መስመር ከመቀየሳችሁ በፊት ከየተፋሰሱ ኮሚቴና ሽማግሌዎች ጋር የቆየውን እርከን በእግራችሁ ሂዱበት፤ የተጣሰውን መዝግቡ፤ የመጀመሪያዎቹን የዘመቻ ቀናት ለጥገና ስጡ። በሪፖርታችሁ ላይ ጥገና የራሱ ዓምድ ይኑረው፤ ለችግኝም ከተተከለው ቁጥር ጎን የጸደቀው ይጻፍ። ከላይ ያለው አልቀበልም ካለ ደግሞ የተጣሰውን ካብ እንዲያይ ወደ ተዳፋቱ ይዛችሁት ውጡ፤ እኛም አብረናችሁ እንወጣለን።