ኮዱን ስጡን!

ሽሮ ሜዳ መብራት በሄደ ሌሊት የሚሆነውን እንንገራችሁ። ትንሽ ቆይቶ የሰፈሩ አላርሞች በየተራ መንጫጫት ይጀምራሉ። ቲት… ቲት… ቲት። ሌባ ገብቶ እንዳይመስላችሁ፣ ባትሪ አልቆ ነው። ጥበቃው ጋቢውን ይከናነባል፣ ጎረቤት ትራሱን ጆሮው ላይ ይጭናል፣ ውሻው እንኳን መልስ መስጠት ከተወ ቆይቷል። ድሮ «ኡኡ!» ሲባል ዱላ ይዞ ይወጣ የነበረ ጉለሌ፣ ዛሬ በስንት ብር የተገዛ ሳይረን ሲጮህ ይገላበጥና ይተኛል።

ንዴታችን ባትሪዋ ላይ አይደለም። በብረት ሳጥኑ ውስጥ የምትቀመጠው ባለ 12 ቮልት ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ታገለግላለች። መብራት እየሄደ ባዶዋን በከረመች ቁጥር ደግሞ ዕድሜዋ ያጥራል። ሞልታ፣ ከፓኔሉ ተነቅላ ስትለካ 12.7 ቮልት ገደማ ታሳያለች፤ ስትሞላ አድራም 11 ምናምን ካለች አለቀላት። ቀዩን ሽቦ ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አድርጎ መቀየር ነው። ለዚህ ኢንጂነር ይጠራል እንዴ?

ይጠራል! ሳጥኑ ሲከፈት ይጮኻላ። ክዳኑ ሥር «ነኩኝ» ብሎ የሚያሳብቅ ማብሪያ አለው፣ ዝም ለማሰኘት ኮድ ያስፈልጋል። ኮዱ ደግሞ ገጣሚው ዘንድ ነው። ግድግዳው የእኛ፣ ገንዘቡ የእኛ፣ ኮዱ የእሱ! በር ገጥሞ ቁልፉን ይዞ የሚሄድ አናጢ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አንዱን ገጣሚ ብንጠይቀው «ባለቤቱ ከነካካው ያበላሸዋል» አለን። ግማሹ እውነት ነው። ሁለት ዓይነት ኮድ አለ፤ አንዱ የማብሪያና የማጥፊያ፣ ሌላው የአሠራሩ። በሁለተኛው የሳሎኑን ሴንሰር ከነጭራሹ መዝጋት ይቻላል። ግን እሱን በፖስታ አሽጎ ለባለቤቱ መስጠት ማን ከለከለ? ያ ሰው ስልኩን ቀይሮ ቢጠፋስ?

ኮድ የሌለው ሰው ደግሞ የተባለውን ያምናል። ኪፓዱ ጨለመ? «ፓኔሉ ተቃጥሏል፣ ይቀየር!» ይባላል። ኪፓድ እኮ ፊት ብቻ ነው፤ አንጎሉ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ፓኔል ነው። በብዙዎቹ ሁለቱን የሚያገናኙት አራት ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው፤ ሁለቱ ኃይል ይወስዳሉ፣ ሁለቱ መልእክት ያመላልሳሉ። መጀመሪያ ፓኔሉ መብራት ማግኘቱ፣ ቀጥሎ ከአራቱ አንዱ መላላቱ ይታይ። አዲስ ፓኔል ከዚያ በኋላ ይወራ።

እኛም ንጹሕ አይደለንም። ማኑዋሉን ከካርቶኑ ጋር የጣልነው እኛ ነን። ከፋብሪካ የመጣውን 1234 ሳንቀይር ዓመት ያለፈን፣ ሥራ የለቀቀ ሾፌር የሚያውቀውን ኮድ ያልሰረዝን አለን። ሌባ ሲገባ ስልካችን ላይ እንዲደውል ሲም ካርድ አስገብተን ሂሳብ ያልሞላንለትም አለን። (ምን ብሎ ይደውል? በሚስኮል?)

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጡት መመሪያ ሳይረን ከ20 ደቂቃ በኋላ ራሱ ዝም እንዲል መክረዋል። የእኛው ጎረቤት እስኪነጋ ይጮኻል፤ ማጥፊያውን የሚያውቀው ሰውዬ ስልኩን ዘግቶ ተኝቷል።

እንግዲህ እኛ ቆርጠናል። ኮዶቹን በወረቀት ጽፎ፣ በፊታችን አስገብቶ፣ እኛም ራሳችን አጥፍተን አብርተን ካላየን የመጨረሻውን ክፍያ አንከፍልም።