ሸሪዓ የሚታወሰው በፍቺ ቀን ብቻ ነውን?



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ በመስጊድ ደጃፍ ሲወራ ድምፅ ዝቅ የሚደረግበት ነው። እኔ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ ልናገረው ቆርጫለሁ። ዝቅ ባለ ድምፅ የሚወራ በደል እንዲሁ ሲበላ ይኖራልና።

እዚህ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ውስጥ በአንድ የሽምግልና ጉባኤ ላይ ተቀምጬ ነበር። “ኪታብ የቀራ ሰው ይኑርበት” ተብሎ ነው የተጠራሁት። ባልና ሚስቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ኖረዋል፤ አራት ልጆች ወልደዋል፤ የእህልና የቡና ሱቅ አላቸው። ባል ጦላቅ ከሰጠ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ሚስት በዒዳዋ ላይ እያለች ልጆቿን ይዛ እህቷ ቤት ገብታለች። የሱቁ ንግድ ፈቃድ ደግሞ ከጦላቁ ሁለት ወር ቀደም ብሎ በባልየው ወንድም ስም ዞሯል።

ንግግሩ በኦሮምኛና በአማርኛ እየተቀላቀለ ሲሄድ ባልየው ተነሣና እንዲህ አለ፦ “እኛ ሙስሊሞች ነን፤ በሸሪዓ እንለያይ። በሸሪዓ የባል ለባል፣ የሚስት ለሚስት ነው። ግማሽ የሚባለው የመንግሥት ሕግ ነው፤ እኔ ሐራም አልበላም፣ አላበላምም።” ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነቱን ልናገርና እኔም ነቀነቅሁ። ቃሉ በደረቁ ሲታይ ስሕተት የለበትምና። በኢስላም ኒካህ የሁለት ሰዎችን ንብረት አንድ አያደርግም።

ሴትየዋ እስከዚያ ድረስ አልተናገረችም ነበር። “ኡስታዝ” አለችኝ፤ “የሚስት ለሚስት ከሆነ የእኔን ቁጠሩልኛ! ሚዛኑንና የመጀመሪያውን አሥር ኩንታል በቆሎ የገዛነው በእኔ ዕቁብ ነው። በርበሬ ቀንጥሼ፣ ድልህ አዘጋጅቼ የጣልኩት ዕቁብ ነው። መህሬንም እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየሁትም።”

ጉባኤው ጸጥ አለ። እኔ በበኩሌ አፈርኩ። ኪታብ የቀራሁት እኔ ልጠይቀው የሚገባኝን ጥያቄ፣ ፊደል በቅጡ ያልቆጠረች ሴት ጠየቀችው።

ወንድሜ ሆይ! “በሸሪዓ እንለያይ” ካልክ እሰየው፤ ግን ሒሳቡን ሙሉውን እንቁጠረው። ሸሪዓ የሚስትን እጅ ባዶ አድርጎ የሚሸኝ ሕግ አይደለም። ባዶ የሚያደርጋት በሸሪዓ ስም ከሸሪዓ አንዱን ገጽ ብቻ የሚያነብ ሰው ነው።

መጀመሪያ መህር። መህር ለሚስት ዕዳ ነው፤ ባል ቢሞት እንኳ ውርሱ ከመከፈሉ በፊት የሚወጣ ዕዳ። በሱረቱ-ን-ኒሳእ አላህ ክምር ወርቅ እንኳ ሰጥታችሁ ብትሆኑ ከዚያ ላይ ምንም አትንኩ ሲል ያዛል። እኛ ዘንድ ግን በኒካህ ቀን ሰው ፊት “ይህን ያህል ወርቅ” ተብሎ ይጠራል፣ ፋቲሓ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው የለም። ደግሞ በብር የተጻፈ መህር አለ። ከሃያ ዓመት በፊት ሁለት ሺህ ብር ማለት ምን እንደነበር፣ ዛሬ ሁለት ሺህ ብር ምን እንደሚገዛ ገበያ የወጣ ያውቃል። በወርቅ የተወሰነ መህር ግን በወርቅ ሚዛን ነው የሚመለሰው፤ በድሮው ዋጋ ተተምኖ በብር አይደለም። በዚያ ጉባኤ የተጠራው መህር አንድ ወቄት ወርቅ ነበር። ባልየው “ያኔ እኮ ርካሽ ነበር” አለ። ያኔ ርካሽ ከነበረ ለምን ያኔ አልከፈልክም?

ቀጥሎ የሚስት ገንዘብ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤት ኸዲጃ (ረ.ዐ.) የራሷ ካፒታል ያላት ነጋዴ ነበረች፤ እርሳቸው በገንዘቧ ነግደውላታል። የዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ ሚስት ዘይነብ ደግሞ በእጇ ሙያ ሠርታ ባሏን ትረዳ ነበር። ለባሏ የምትሰጠው ምጽዋት ይሆንላት እንደሆነ ስታስጠይቅ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሁለት አጅር እንዳላት ነገሯት፤ አንዱ የዝምድና፣ ሌላው የሰደቃ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ለባል የሰጠችው ሰደቃ ከተባለ ገንዘቡ ቀድሞውኑ የራሷ ነበር ማለት ነው። የባል የሆነ ነገር ለባል ሰደቃ አይሆንምና። እንግዲያው የዕቁብ ብሯን ለሱቁ ያዋጣች ሴት ወይ አበድራለች፣ ወይ ሸሪክ ሆናለች፣ ወይ ሰጥታለች። የቱ እንደሆነ የምትናገረው እርሷ ናት እንጂ ባሏ በፍቺ ቀን የሚመርጥላት አይደለም። ብድር ከሆነ ይመለስላት፤ ሽርክና ከሆነ ከነትርፉ ድርሻዋ ይቆጠር።

በሪያድ፣ በጂዳ፣ በቤይሩት የሰው ቤት እየጠረጉ ገንዘብ የሚልኩ እህቶቻችንን ጉዳይ ደግሞ አስቡት። ሚስት ትልካለች፣ ባል ቦታ ይገዛል፣ ቤት ይሠራል፣ ካርታው በስሙ ይወጣል። ከዚያ ጦላቅ! ከዚያ “በሸሪዓ እንለያይ”! ይህ ወንድም የሚሸሸው ነገር አልገባውም። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የባልና የሚስትን የሥራ ገቢ የጋራ ያደርጋል፤ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብ እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል፤ በፍቺም እኩል ያካፍላል። በ1995 የወጣው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግም መንገዱ ይኸው ነው። በዚያ ሕግ ቢዳኝ የቤቱ ግማሽ ይደርሰው ነበር። ሸሪዓ ዘንድ ቢመጣ ግን ቤት እንዲሠራላት አደራ የላከችው ገንዘብ ዐማና ነው፤ ባል ወኪል ነው፤ ቤቱ ሙሉ በሙሉ የእርሷ ነው! ለልፋቱ ቢከፈለው ነው። ሚስት ቤት ተቀምጣ ባል ከውጭ ሲልክ የነበረ ከሆነም ፍርዱ እንዲሁ ይገለበጣል፤ ዐማና በወንድና በሴት አይለወጥም።

ጉልበትስ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሱቅ ቆማ የሸጠችበት፣ ጆንያ የሰፋችበት፣ ቡና የለቀመችበትስ? እዚህ ላይ ሐቁን አልደብቅም። ከፉቀሃእ ብዙዎች ያለ ውል የሠራን ሰው እንደ ለጋሽ ይቆጥሩታል፤ ዋጋ ልጠይቅ ቢል አይፈቅዱለትም። ግን ሁሉም አይደሉም። በሞሮኮ ተራሮች የኖረው ማሊኪው ቃዲ አሕመድ ኢብኑ ዐርዱን፣ የገጠር ሴቶች በእርሻው ስለሚደክሙ ከምርቱ ድርሻ አላቸው ብሎ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ፈርዷል። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የሞሮኮ የቤተሰብ ሕግም ባልና ሚስት ስለ ንብረታቸው በተለየ ሰነድ እንዲዋዋሉ ፈቅዶ፣ ውል ከሌለ የእያንዳንዳቸው ሥራና ድካም እንዲታይ አዝዟል። በማሌዥያ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በትዳር ውስጥ በጋራ ጥረት የተገኘ ንብረትን ያከፋፍላሉ። እነዚህ ሁሉ ሙስሊሞች አይደሉምን? የወለጋ ሴት ከሞሮኮ ሴት ያነሰ ትደክማለችን? ዑለማእ በተለያዩበት ቦታ ላይ ቆሞ ጥርጣሬውን ሁልጊዜ ለራሱ የሚተረጉም ሰው፣ ከሐራም ሸሸሁ ሳይሆን ሐላልን መረጥኩ ቢል ይሻለዋል።

የዒዳ ቤትም አለ። በሱረቱ-ጥ-ጦላቅ ሚስት በዒዳዋ ጊዜ ከቤቷ እንዳትወጣ፣ ባልም እንዳያስወጣት ታዟል። ያቺ ሴት እህቷ ቤት ምን ትሠራ ነበር? ይህን ስጠይቅ ባልየው “ራሷ ነች የወጣችው” አለ። ቁልፉን ማን ቀየረው? መልስ የለም። የልጆች ቀለብ የአባት ግዴታ መሆኑን ደግሞ ማንም የሚያውቀው ስለሆነ አላስረዝመውም።

አሁን ወደ ንግድ ፈቃዱ ልመለስ። ከጦላቅ በፊት ንብረትን በወንድም፣ በአጎት ስም ማዞር፣ ያልተበደሩትን ተበድሬአለሁ ብሎ ወረቀት ማጻፍ በከተሞቻችን ብልሃት ሆኗል። “ራሱን አዳነ” ይባላል። ከማን ነው ያዳነው? ከልጆቹ እናት? ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) በሕመሙ ላይ ሳለ ሚስቱን ቱማዲርን ፈቶ በሞተ ጊዜ፣ ኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ.) ከውርሱ ድርሻዋን ሰጥተዋታል። ዐብዱረሕማን በክፉ ሐሳብ የሚጠረጠር ሰው አልነበረም፤ ጀነት ከተበሰሩት ከዐሥሩ አንዱ ነው። ለእርሱ እንኳ በሩ ካልተከፈተ፣ ሆን ብሎ ለሸሸገ ሰው እንዴት ይከፈታል? በዱንያው ሕግም ቢሆን የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም፣ በመያዣ አይሰጥም። የፌዴራሉ ሕግ ያልተስማማው ወገን ባወቀ በስድስት ወር፣ ቢዘገይ ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ እህቴ ሆይ፣ “ሰብር አድርጊ” ሲሉሽ ሰብር አድርጊ፤ ቀኑን ግን አታሳልፊው። የአካባቢሽን ፍርድ ቤት ጠይቂ።

“ሰብር አድርጊ” የሚሉትን ሽማግሌዎችም ልውቀስ፤ ራሴንም ጨምሬ። ለሚስት ሰብር፣ ለባል ፈቃድ እያከፋፈልን ቆይተናል። በሸሪዓ በኩል በሩን ዘግተንባት፣ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ስትሄድ “ዲኗን ጣለች” እንላለን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የፈቀደው በተከራካሪዎቹ ስምምነት ነው። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992ም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። በ1996 የፌዴሬሽን ምክር ቤት አንዲት ሙስሊም ሴት ሳትስማማ ጉዳይዋ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የታየባትን ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሏል። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ተቆጣን። ቁጣችን ግን አንድ ጥያቄ ዘለለ፦ ሙስሊም ሴት ከአላህ ሕግ ለምን ትሸሻለች? ከሕጉ ነው የሸሸችው ወይስ ከእኛ? ይህንም ልጨምር፤ በዚያው አዋጅ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል። መጥሪያ ደርሷት ቤት የምትቀመጥ እህት ፈቃዷን ሰጥታ እንደተቀመጠች ትወቅ።

በሌላ በኩል፣ አንዳንድ እህቶች ከአባቱ የወረሰውን ሱቅ ሳይቀር ግማሽ ይገባኛል ይላሉ። በውርስ የተገኘ ንብረት በሸሪዓም በመንግሥት ሕግም የግል ነው። የማይገባን ነገር ዳኛ ቢሰጠን እንኳ ሐላል አይሆንም፤ ይህን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስጠንቅቀውናል።

የባኬ ጃማው ጉዳይ አራት ጊዜ ተቀምጠንበት አለቀ። ወቄቱ በወርቅ ተመዝኖ ተሰጣት። የዕቁብ ጸሐፊው አሮጌ ደብተሩን አምጥቶ ስሟንና ዕጣው የደረሳትን ቀን አሳየን፤ በዚያ መነሻ ከሱቁ ዕቃ ሲሶው ድርሻዋ ተባለ። ለጉልበቷ የተቆጠረላት የለም፤ ባልየው እምቢ አለ፣ እኛም ማስገደድ አልቻልንም። ያ ደብተር ባይገኝ ኖሮ ሲሶውም አይኖርም ነበር። በወለጋ ባለፉት ዓመታት በደረሰው መከራ ቤታቸውን ጥለው የሸሹ ስንት ቤተሰቦች ደብተራቸውም፣ ካርታቸውም፣ የኒካህ ወረቀታቸውም እንደቀረ አስቡ። ቅጂ በሌላ ዘመድ ቤት ማስቀመጥ ፍርሃት አይደለም።

መድኃኒቱ ከኒካሑ ቀን መጀመር አለበት። የፌዴራሉ ሕግ ተጋቢዎች ስለ ንብረታቸው ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ እንዲዋዋሉ ይፈቅዳል፤ በጽሑፍ ሆኖ አራት ምስክሮች ይፈልጋል፣ ሁለት በባል፣ ሁለት በሚስት በኩል። ከተጋቡ በኋላ እርስ በርስ የሚዋዋሉት ግን በፍርድ ቤት ካልጸደቀ አይጸናም። እኛ ኒካህ ላይ ምስክር አናጣም፤ የምናጣው ብዕር ነው።

በቅርቡ የአንዲት ተማሪዬ ኒካህ ላይ ወረቀቱን እኔ ጻፍኩ። መህሩ ሃያ ግራም ወርቅ፣ ግማሹ በዕለቱ የተሰጠ፣ ግማሹ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚከፈል። የልብስ ስፌት መኪናዋ የራሷ፣ ገቢውም የራሷ። በባል ሱቅ ገንዘብ ካስገባች በሽርክና የሚቆጠር። የሙሽራው አባት ሰሙና ተቆጡ፦ “አንተ ኡስታዝ፣ ገና ሳይጋቡ ፍቺ ታስባለህ እንዴ?” እኔም “አባባ፣ በሱረቱ-ል-በቀራ አላህ ትንሹንም ትልቁንም ዕዳ ጻፉ ብሎ ሲያዝ ሰዎቹ እንዲካካዱ አስቦ ነውን?” አልኳቸው። ጥቂት አጉረመረሙ። ከዚያ መነጽራቸውን አስመጥተው፣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ራሳቸው አንብበው፣ ፈረሙ።