የ30 ቀን ማስጠንቀቂያና የጠበቃ እገዛ፦ በባንክ መያዣ የተያዘ መኖሪያ ቤት ባለቤቶች ሊያውቁት የሚገባ

በመያዣ የተያዘ ቤት የሚሸጠው በፍርድ ቤት ውሳኔ ብቻ ነው የሚል እምነት በብዙ ባለዕዳዎች ዘንድ ይታያል። ለባንክ ብድር ግን ይህ አይሠራም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት በውል የመሸጥ ሥልጣን የተሰጠው ባንክ ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ንብረቱን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ ሊሸጥና ባለቤትነቱን ለገዥው ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለሆነም በኢምፔሪያል፣ በገርጂና በአካባቢው ቤቱን ለንግድ ወይም ለግንባታ ብድር በመያዣነት የሰጠ ነዋሪ ጠበቃ መፈለግ ያለበት የሐራጅ ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ሳይሆን ማስጠንቀቂያው በደረሰው ዕለት ነው።

ይህ ሥልጣን ከጠቅላላው ደንብ የተለየ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አበዳሪ የሕግን ሥርዓት ሳይከተል መያዣውን እንዲወስድ ወይም እንዲሸጥ የሚፈቅድን ስምምነት አይቀበልም። ስለዚህ ገንዘብ ያበደረ ግለሰብ በራሱ ሥልጣን ቤት ሊሸጥ አይችልም፤ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ለባንኮች የተለየ ሥርዓት የተበጀው ብድር በረዥም ክርክር ሳይጓተት እንዲመለስ ነው።

የባንኩ ሥልጣን ግን ገደብ አለው። ሽያጩ በ1958 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የሐራጅ ድንጋጌዎች መከተል ይኖርበታል፤ ባንኩ ይህን ጥሶ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። ይሁንና ካሣ የተሸጠውን ቤት አይመልስም። ከሐራጁ በፊት የዕዳ ክፍያ ጊዜ እንዲራዘም መደራደር ወይም በባንኩ ፈቃድ በተሻለ ዋጋ የሚገዛ ሰው መፈለግ ከክርክር ይልቅ የሚጠቅምበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጠበቃው በቅድሚያ የሚመረምረው ውሉ የመሸጥ ሥልጣን መስጠቱን፣ ማስጠንቀቂያው የደረሰበትን ቀን፣ የዋናውን ዕዳና የወለዱን ስሌት ነው። ቤቱ የጋራ ሀብት ከሆነ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት መኖሩ ይጣራል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ያልተስማማው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ የሚችለው ድርጊቱን ባወቀ በ6 ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ ግን ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ነው።

የፌደራል የጥብቅና አገልግሎት የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። ተገልጋይ ጠበቃ ከመያዙ በፊት የጸና የጥብቅና ፈቃድ እንዲያሳየው መጠየቅ፣ ክፍያውንና የአገልግሎቱን ወሰን በጽሑፍ መዋዋል፣ ለከፈለውም ገንዘብ ደረሰኝ መቀበል ይገባዋል። «ሐራጁን በእርግጠኝነት አስቆማለሁ» ለሚል ደላላም ሆነ ፈቃድ ለሌለው ጉዳይ አስፈጻሚ ገንዘብ መስጠት ቀሪውን ጊዜ ማባከን ነው።

የመክፈል አቅም የሌለው ሰውም ያለ እገዛ አይቀርም። ጠበቆች ነጻ የሕግ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ለሴቶች፣ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም ለችግረኞች ነጻ ምክር ይሰጣሉ።

ለመጀመሪያው ምክክር የብድርና የመያዣ ውሎችን፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን፣ የክፍያ ደረሰኞችንና የቤቱን የባለቤትነት ማረጋገጫ ይዞ መቅረብ ጠበቃው በዚያው ቀን ሥራ እንዲጀምር ያስችለዋል።