የጉራራ ዳገትና የተቆረጠው ማርሚታ

ይህን አስተያየት ሳቀርብ ከአንዳንድ ጓደኞቼ ዘንድ ብርቱ ወቀሳ እንደሚደርስብኝ ዐውቃለሁ። ለምን ቢባል፣ ነገሩ ሞተር ብስክሌትን የሚነካ ነው፤ የወጣት ሰው ሞተር ደግሞ እንደ ሽማግሌ ርስት ነው፣ ሲነኩበት አይወድም። ይሁን እንጂ ዝም ማለቱ ስለ ከበደኝ፣ አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ተናዝዤ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

እኔና ታላቅ ወንድሜ የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከጉራራ ዳገት ሥር፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። ወንድሜ በሞተር ዕቃ እያደረሰ ይተዳደራል፤ የእኔም የደብተርና የታክሲ ወጪ የሚወጣው ከዚያችው ሞተር ነው። ሞተሯ 150 ሲሲ ስትሆን፣ ፋብሪካው 12 የፈረስ ጉልበት ያህል አላት ይላል። አምና ወንድሜ ለልቅሶ አገር ቤት በሄደበት ሳምንት፣ መቼም ውለታ የምሠራለት መስሎኝ፣ መካኒኮቻችን ፊልትሮ የሚሉትን የአየር ማጣሪያ አውጥቼ ጣልሁ። ማርሚታዋንም አንድ ጋራዥ ወስጄ ከወገቧ አስቆረጥኋት። ሐሳቤ እንዲህ ነበር፤ አየሩ እንደ ልቡ ይግባ፣ ጭሱም እንደ ልቡ ይውጣ፣ ኃይሉ ይጨምራል።

ያን ዕለት ማታ ከቀበና ድልድይ ጀምሮ እስከ ቤታችን ድረስ ሰፈሩን ሁሉ ቀሰቀስሁት። በማግሥቱ የቤት አከራያችን እማማ ከኪዳን ሲመለሱ በር ላይ አገኙኝና፣ «ልጄ፣ ይህን ሞተር ምን ነካው? ጤነኛ ነገር እንዲህ አይጮኽም» አሉኝ። እኔ ግን ፊዚክስ ተምሬአለሁና በልቤ ሳቅሁባቸው።

ወንድሜ ተመልሶ፣ ከሾላ ገበያ ግማሽ ኩንታል ዕቃ ጭኖ ጉራራን ለመውጣት ሞከረ። ቀድሞ በሁለተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን ዳገት በአንደኛ እየተንፏቀቀ ጨረሰው። ወርዶም፣ «ድምፁ ሽቅብ ወጥቷል፤ ሞተሩ ግን እታች ቀርቷል» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ጥያቄው ይህ ነው፤ አየሩ በነፃ እየገባ፣ ጭሱም በነፃ እየወጣ፣ ኃይሉ ስለ ምን ቀነሰ? እኔ ይህን ጥያቄ መጠየቅ የነበረብኝ ከመጋዙ በፊት ነበር።

በመጀመሪያ፣ የእኛ ሞተሮች ዋና ጠላት ፋብሪካው የሠራው ማርሚታ አይደለም፤ የምንቀመጥበት ተራራ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በአማካይ 2,300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የእንጦጦ ራስ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በከተማችን ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የጎደለ ነው፤ እንጦጦ ጫፍ ሲደርሱ ጉድለቱ ወደ ሢሶ ይጠጋል። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው በአየር ነውና፣ አየሩ በጎደለ መጠን ጉልበቱም ይጎድላል። ስለዚህ የወንድሜ ሞተር ከዐሥራ ሁለቱ ፈረሶቿ ሦስቱ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቀርተዋል። አራተኛው እንጦጦን ሲያይ ይለግማል። እነዚህን ፈረሶች በመጋዝ መመለስ አይቻልም።

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛዬ «ታዲያ ሯጮቻችን በዚሁ በእንጦጦ አየር አይደለም ወይ የሚበረቱት?» ብሎ ተከራክሮኛል። ጥሩ ክርክር ነው። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ፣ በ2,240 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በማራቶን ወርቅ ሲያገኝ ብዙው የባሕር ዳር አገር ሯጭ ትንፋሽ አጥሮት ነበር። ነገር ግን የሰው አካል ከፍታ ላይ ሲኖር ደሙን ያበዛል፣ ሳንባውንም ያለማምዳል። ፒስተን መቅኔ የለውም። ዐሥር ዓመት ጉራራን ቢወጣ እንኳ ከመጀመሪያው ቀን የበለጠ አይለምድም።

ሁለተኛው ነገር ቤንዚኑ ነው፤ ብዙዎቻችንን የሚያታልለንም ይኸው ይመስለኛል። ካርቡራቶር የአየሩን መሳሳት አያውቅም፤ ለባሕር ዳር አየር የተመጠነውን ቤንዚን እዚህም ያንኑ ያህል ሊሰጥ ይሞክራል። አየሩ አንሶ ቤንዚኑ ሲበዛ ደግሞ ሞተሩ ያንቀዋል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ተፈጥሮ ከቀነሰው በላይ ይቀንሳል። ይህን የመሰለ ሞተር ፊልትሮውን ሲያወጡለት አየሩ ትንሽ ይጨምርና፣ ነዳጁ እስከ መጨረሻ ሲሰጠው ሜዳ ላይ ደኅና ሲነጥቅ ይሰማል። ሰውየውም «ፊልትሮው ነበር የያዘኝ» ይላል። የያዘው ግን ፊልትሮው ሳይሆን የቤንዚኑ መብዛት ነበር። አንዱን ስሕተት በሌላ ስሕተት አስታግሦ፣ መድኃኒት ያገኘ ይመስለዋል።

ትክክለኛው መድኃኒት ያለው እዚያው ካርቡራቶሩ ውስጥ ነው። በብዙዎቹ ካርቡራቶሮች ውስጥ አንዲት ቀጭን መርፌ አለች፤ በላይኛው ጫፏ ጥቂት ጭረቶች አሉባት። የምትይዛት ትንሽ ሽቦ ከአንዱ ጭረት ወደ በላዩ ወዳለው ስትዛወር መርፌዋ ዝቅ ትላለች፣ የቤንዚኑም መንገድ ይጠብባል። ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ብሎን ደግሞ ቀዳዳዋ በጠበበ መተካት ነው። ሥራው ከተሳካ ካንዴላው ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ቀለል ብሎ የተቆላ ቡና ይመስላል። ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ የካንዴላ መፍቻና ዐይን ይበቃሉ። አዲሶቹ ባለ ኢንጀክሽን ሞተሮችማ የአየሩን ግፊት ራሳቸው እየለኩ ቤንዚኑን ስለሚያስተካክሉ፣ በእነርሱ ላይ ፊልትሮ መጣል ንጹሕ ኪሳራ ነው።

ኪሳራም ስል በቃል ብቻ አይደለም። የእንጦጦ መንገድ ዳሩ አፈር ነው፤ በበጋ የሚነሣውን አቧራ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያ አቧራ ያለ ፊልትሮ ሲሊንደር ውስጥ ሲገባ የፒስተኑን ፋሻ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ሌላም አለ። እዚህ በሳሳ አየር ላይ ልክ የመሰለው ሞተር፣ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው አዳማ ቁልቁል ሲወርድ፣ አየሩ ይወፍርና ቤንዚኑ ያንሰዋል። እየጋለ ሄዶ ፒስተኑ ሊነክስ ይችላል። መርፌዋን ያስተካከለም ሰው ቢሆን ቆላ ሲወርድ ወደ ቦታዋ መመለሱን አይርሳ።

አሁን ወደ ማርሚታው ልምጣ፤ በዚህ ላይ ያለን እምነት ከሁሉም የባሰ ነውና። ብዙዎቻችን ማርሚታን እንደ ቡሽ፣ ማለትም ጭሱን ለማፈን ብቻ እንደ ተወተፈ ነገር እናየዋለን። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ቫልቩ ሲከፈት የሚወጣው ጭስ በቱቦው ውስጥ የግፊት ማዕበል ይዞ ይሄዳል። ማዕበሉ ቱቦው የሚያልቅበት ወይም የሚሰፋበት ቦታ ሲደርስ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሲመለስም ጊዜው ከገጠመ፣ በሲሊንደሩ የቀረውን ጭስ ስቦ ያወጣል። ጊዜው የሚገጥመው በቱቦው ርዝመት ነው። ቱቦው ባጠረ ቁጥር የሚረዳው ሞተሩ በጣም በፍጥነት ሲዞር ነው። ግማሽ ኩንታል ጭኖ ጉራራን የሚወጣ ሞተር ግን ያን ያህል ፍጥነት በሕልሙም አያገኝም። ስለዚህ እኔ ወንድሜ የሚሠራበትን ጉልበት ወስጄ፣ የማይደርስበት ቦታ ላይ አስቀመጥሁለት ማለት ነው።

የማርሚታን ጉዳይ በእውነት ያጠና ሰው የሠራውን ብንመለከት ለእኛ ለመጋዘኞቹ ዕፍረት ነው። ዋልተር ካደን የተባለ የምሥራቅ ጀርመን መሐንዲስ ኤምዜድ በተባለው ፋብሪካ ባለ ሁለት ምት የእሽቅድምድም ሞተሮች ይሠራ ነበር። ሰውየው የጭሱን ማዕበል በኦሲሎስኮፕ እየተመለከተ፣ ቱቦውን የት እንደሚያሰፋና የት እንደሚያጠብብ በመለኪያ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. 125 ሲሲ ከሆነች ትንሽ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት አወጣ። ያ ዕውቀት ምን ያህል የከበረ እንደ ነበር ለማወቅ፣ በዚያው ዓመት ኤርንስት ዴግነር የተባለው የፋብሪካው ጋላቢ ስዊድን ላይ ከድቶ ምሥጢሩን ለሱዙኪ ይዞ መሄዱን ማስታወስ ይበቃል፤ በሚቀጥለው ዓመት በ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በሱዙኪ ነው። ካደን ከማርሚታው ላይ አልቆረጠም፤ በልክ ጨመረበት። እኛ ግን ከላሜራው ቆርጠን የጣልነው የተለካውን ክፍል ነው።

«ድምፁ ያድነናል፤ ሰው ሲሰማን ገለል ይላል» የሚሉ አሉ። ይህን ክርክር አልንቀውም፤ በከተማችን መንገድ የሞተረኛ ነፍስ ርካሽ ናትና። ነገር ግን የማርሚታ አፍ ወደ ኋላ ነው የሚያየው። ከሁሉ በላይ የሚሰማው ቀድመነው ያለፍነው ሰው ነው። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው በጎንበስታ የሚወርዱ እናቶች፣ ወይም ጭነት የያዘች አህያ፣ ከአጠገባቸው ድንገት ሲፈነዳባቸው ምን እንደሚሆኑ አንድ ቀን ቆማችሁ ተመልከቱ። እኔ አህያዋን አይቻለሁ። ጀሪካኖቹ እስከ ታችኛው ቦይ ድረስ ተንከባለሉ።

ይህን ሁሉ ለሞተር ወዳጅ ብቻ አልጽፈውም ነበር። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር፣ ሞተር ብስክሌት የዝርፊያ መሣሪያ ሆኗል ብሎ፣ ከሰኔ 30 ጀምሮ ሞተሮች እንዳይንቀሳቀሱ ሲያግድ ሁላችንም አይተናል። ከጊዜ በኋላ በፈቃድ የሚሠሩት ተመለሱ እንጂ፣ በመካከሉ በሞተር እንጀራውን የሚያበስል ስንቱ ቤቱ ተቀምጧል። ወንድሜ ያን ክረምት የበላው ከዘመድ ተበድሮ ነው። ሕዝብ አንድን ነገር ሲሰለቸው ጥፋተኛውን ከሌላው አይለይም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅም ልክ እንዲወሰን ያዛል፤ ሕጉ ከወጣ ቆይቷል፣ እጁ ግን ገና አልከበደም። የከበደ ዕለት ቅዳሜና እሑድ ወደ እንጦጦ እየጮኸ የሚወጣው የሀብታም ልጅ ሞተሩን ጋራዥ አቁሞ ይጠብቃል። ሰኞ ጧት መገናኛ ላይ የሚያዘው ወንድሜ ነው። እኛ ተማሪዎች፣ የማዕበልንና የግፊትን ነገር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈን የፈተና ነጥብ የምንቀበልበት፣ ዳገቱ ላይ ስንደርስ ግን በጆሮአችን ብቻ የምንመራ ከሆነ፣ ከእማማ ምን እንበልጣለን? እርሳቸው እንኳ በአንድ ቀን ነው የነቁት።

የወንድሜ ሞተር አሁን ድናለች። የተቆረጠውን ቁራጭ አልጣልሁትም ነበርና አስበየድሁት፤ ጠባሳው ይታያል። አዲስ ፊልትሮ ገባላት፣ መርፌዋም አንድ ጭረት ዝቅ አለች። ከሶማሌ ተራም ለፊተኛው የሰንሰለት መዘውር በባለ 14 ጥርሱ ምትክ ባለ 13 ጥርስ ገዛን፤ ይህ ብቻውን ለኋላ ጎማ የሚደርሰውን ጉልበት ከመቶ ሰባት በላይ ይጨምራል፣ ሜዳ ላይ ያለውን ፍጥነትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ወንድሜ ሜዳ ላይ የሚወዳደረው ሰው ስለሌለ ውሉን ወድዶታል። ግማሽ ኩንታሉን ጭኖ ጉራራን እንደ ገና በሁለተኛ ማርሽ ይወጣል።

ይህን የማያምን ጓደኛ ካለ፣ የተቆረጠ ማርሚታውን ይዞ ቅዳሜ ጧት በሁለት ሰዓት ከጉራራ ዳገት ሥር ይምጣ። ጭነቱ እኩል ይሁን፤ ሰዓቱን የሚይዘውም ሰው ከእርሱ ወገን ይሁን። ስንጀምር ግን እማማ ከኪዳን እስኪመለሱ መጠበቅ አለብን፤ ማየት እፈልጋለሁ ብለዋል።