ማሽኑስ መጣ፤ ቧንቧውስ?

በዚህ ቡለቲን ስለ ሥነ ምግባር፣ ስለ ካምፓስ ፍቅርና ስለ ካፌው ሽሮ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ቧንቧ ነው። "ቧንቧና ጋዜጠኝነትን ምን አገናኛቸው?" የምትሉ አትጠፉም። ትንሽ ታገሱኝ፣ ይገናኛሉ።

አልጋ፣ ቁም ሳጥንና ወንበር የሚሠሩ ወጣቶችን ሥራቸው ላይ አይታችሁ ከሆነ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ ሆኖ ነው የምታገኟቸው። መጋዙ፣ ፒያላውና ማለስለሻው የሚተፉት አቧራ ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ማሽን አለ፤ አቧራ መምጠጫ ወይም ዳስት ኮሌክተር ይሉታል። ነገሩ ሞተር፣ ማራገቢያና ከረጢት ነው። አቧራውን ከየማሽኑ ተቀብሎ ወደ ከረጢቱ የሚያደርሰው ግን ቧንቧው ነው። እኔ ባየሁት አንድ የእንጨት ሥራ ማህበር ውስጥ መምጠጫው ጥግ ላይ ቆሟል። የተያያዘው ከአንድ መጋዝ ጋር ብቻ፣ ያውም በተጠማዘዘ ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ሌሎቹ ማሽኖች እንደ ድሮው አየር ላይ ይተፋሉ። እንዲህ ያለው መምጠጫ፣ አበው እንደሚሉት፣ ከጅብ የማያስጥል የአህያ ባል ነው። እንደኔ እንደኔ፣ ቧንቧው በወጉ ሳይገጠም "ማሽን ገባ" ተብሎ ማጨብጨብ ሠራተኛውን ማታለል ነው።

"አቧራ ምን ያደርጋል? ወተት ጠጣበት ይጠርገዋል" የሚል አይጠፋም። ኧረ ወገኖቼ! ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፣ አቧራው ያለው ሳንባና አፍንጫ ውስጥ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ተርታ መድቦታል። ነገሩ የታወቀውም በአንድ የቤት ዕቃ ከተማ ነው። እንግሊዝ አገር ሃይ ዊኮም በሚባል ከተማና አካባቢው የወንበር ሠሪዎች የአፍንጫ ካንሰር ከሌላው ሰው እጅግ በዝቶ መታየቱን ሐኪሞች አስተዋሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣ ጥናታቸውም ጉዳዩን ለዓለም አሳወቀ። በሽታው የሚመጣው ብዙ ዓመት ቆይቶ ስለሆነ ዛሬ የሃያ ዓመቱ ልጅ "እኔ ምንም አልሆንኩም" ቢል አይፈረድበትም።

ታዲያ ቧንቧው በወጉ ተገጠመ የሚባለው መቼ ነው? አንደኛ፣ አየሩ ፍጥነት ይፈልጋል። የእንጨት አቧራ ቧንቧው ውስጥ ሳይቀመጥ እንዲሄድ አየሩ በሴኮንድ 20 ሜትር ገደማ መሮጥ አለበት። ሰዎች "ሰፋ ያለ ቧንቧ ይሻላል" ይላሉ፤ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የአየሩ መጠን ሳይጨምር 150 ሚሊ ሜትር የነበረውን ቧንቧ 200 ብታደርጉት ፍጥነቱ ከ20 ወደ 11 ገደማ ይወርዳል፣ ሰጋቱራውም እዚያው ይተኛል። በተቃራኒው ግንዱን 100 ብታደርጉት ስፋቱ ከግማሽ በታች ስለሚሆን ማራገቢያው ይታነቃል። ሁለተኛ፣ አየር ድንገተኛ መታጠፍ አይወድም። በአንድ ቀጥ ያለ ጎሚቶ ፋንታ ሁለት ግማሽ መታጠፊያ፣ በቲ ፋንታ ወደ አየሩ መሄጃ ያዘነበለ ቅርንጫፍ ይሻላል። ውስጡ ሽብሽብ የሆነው ተጣጣፊ ቱቦ አየሩን ስለሚጎትት መጨረሻ ላይ አጠር ብሎ ቢገባ ይበቃል። ሦስተኛ፣ በየማሽኑ መዝጊያ ያስፈልጋል፤ የማይሠራው ማሽን ቧንቧ ካልተዘጋ የሚሠራው ማሽን ድርሻ ይሰረቃል። አራተኛ፣ ከረጢቱ። ጨርቁ ሳሳ ካለ ሰጋቱራውን ይይዝና ደቃቁን አቧራ መልሶ ወደ ክፍሉ ይነፋዋል። ለሳንባ ክፉው ደግሞ በዓይን የማይታየው ደቃቁ ነው።

የባለቤቶቹንም ወገን መስማት ተገቢ ነው። "ሼዱ የእኔ አይደለም፣ ነገ ብነሣ ቧንቧው ምን ይሆናል? ገንዘቡስ ከየት ይምጣ?" ይላሉ። ጥያቄው እውነት አለው። ግን ተፈቶ የሚሄድ የላሜራ ቧንቧ ማሠራት ይቻላል፤ ላሜራ የሚጠቀልል ባለሙያ አገራችን አላጣም። አቧራ የሚያበዛውን ማሽን መምጠጫው አጠገብ ማስጠጋት ደግሞ ምንም አያስወጣም፣ ቧንቧውንም ያሳጥረዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በአንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ የጣለው አሠሪው ላይ ነው። በማህበር የተደራጁት ልጆች ግን ራሳቸው አሠሪ፣ ራሳቸው ሠራተኛ ናቸው። ማንን ይክሰሱ? ስለዚህ ማሽን የሚሰጣቸው አካል ቧንቧውንና ገጣሚውን አብሮ ቢያስብ ደግ ነው። ማሽን ያለ ቧንቧ መስጠት ጀበና ሰጥቶ ቡና እንደመከልከል ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ነገ ተመርቀን ማይክ ስንይዝ "ለወጣቶች ማሽነሪ ተበረከተ" የሚል ዜና መሥራታችን አይቀርም። ሪባን ይቆረጣል፣ ኃላፊው ይናገራል፣ ካሜራው ማሽኑን ያሳያል፣ አለቀ። እኔ የምለው፣ ካሜራው ወደ ቧንቧው ዞር ይበል። እነዚህን እንጠይቅ፦ ከስንት ማሽን ጋር ተያያዘ? መዝጊያ አለው? ከረጢቱን ማን ነው የሚያራግፈው፣ በየስንት ቀኑ? የሚመልስ ከጠፋ ደግሞ ማሽኖቹ እየሠሩ መብራት ይጥፋና የሞባይላችንን ባትሪ እናብራ። በብርሃኑ መንገድ ላይ ጭስ የመሰለ ነገር ሲንሳፈፍ ካየን መምጠጫው እየመጠጠ አይደለም፣ ዜናችንም የተሟላ አይደለም። የተረከቡትን መቁጠር ቀላል ነው፤ የሚሠራውን መጠየቅ ነው ሙያው።

ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ወጣቶቹ ሃያ ዓመት ቆይተው ሐኪም ቤት ሲሰለፉ የምንሠራው ዘገባ ሐዘን ብቻ ነው የሚሆነው፤ ዛሬ የምንጠይቀው ጥያቄ ግን ሳንባ ያተርፋል። የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው በሚቀጥለው እትም ይጻፍልኝ፣ እንከራከራለን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት!