ሞል እንደ ደርዘን ነው

ተማሪው "ሞል" ሲባል ለምን ይደነግጣል? አንድ ደርዘን ደብተርና አንድ ደርዘን እስክሪብቶ ቁጥራቸው እኩል 12 ነው፤ ክብደታቸው ግን ይለያያል። ሞልም እንዲሁ ነው፤ ቁጥሩ ብቻ እጅግ ገዘፈ።

ችግሩ ልምምዱ ላይ ነው። ልጁ ቀመር ይሸመድዳል፤ የተሳሳተ የመሰለውን ምርጫ እየሰረዘ መገመትም ይለምዳል። ግራሙን ለሞላር ማስ አካፍሎ ሞል ማውጣቱን ግን በገዛ እጁ ስንቴ ሠራው?

ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። አንድ ሞል ዩሪያ 60 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ 28 ግራሙ ናይትሮጅን ነው። እንግዲህ 600 ግራም ዩሪያ 10 ሞል ነው፤ በውስጡም 280 ግራም ናይትሮጅን አለ። በመቶኛ 46.7 ይሆናል። የማዳበሪያ ከረጢት ላይ የሚታየው 46 ምንጩ ይኸው ስሌት ነው።

የገበሬ ልጅ ይህን ከቻለ፣ አባቱ በውድ ዋጋ የገዛው ኩንታል ለማሳው ስንት ኪሎ ናይትሮጅን እንደሚሰጥ ማስላት ይችላል። መምህራን ሆይ፣ በየሳምንቱ አምስት ጥያቄ ያለ ምርጫ፣ ከነአሠራሩ ስጡ። ወላጆችም "ስንት አመጣህ?" ከማለታችሁ በፊት "እንዴት ሠራኸው?" በሉት።